32 ከ68፦ ስለ 1944ቱ የኤርትራ ምክር ቤት ምርጫ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን በኤርትራ ስለተካሄደው የምክር ቤት ምርጫ ይተርካል። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. መላው የኤርትራ ሕዝብ ወጥቶ በምስጢር ድምፅ ከኢትዮጵያ ጋር ልዋሐድ ወይስ ነጻ ልሁን በሚለው ጥያቄ ላይ ወሰነ፤ የአንድነት ፓርቲ 47 በመቶ የሕዝብ ድምፅ አግኝቶ አብላጫውን ያዘ፤ ክርስቲያኑ ለአንድነት፣ ሙስሊሙ ለነጻነት መረጠ፤ እንግሊዞች ምርጫውንም ሕገ መንግሥቱንም ራሳቸው አሰናዱት፤ ያው ምክር ቤት ከአሥር ዓመት በኋላ ፌዴሬሽኑን በገዛ እጁ አፈረሰ።

ጸሐፊው ርእሱን ማንሣቱ መልካም አድርጓል። በአማርኛ ስለዚያ ምርጫ የሚጻፈው ጥቂት ነው፣ ከተጻፈውም ብዙው ስሜት ነው። ነገር ግን ከላይ ከዘረዘርኳቸው ነጥቦች ውስጥ እርማት የማያስፈልገው የለም። የዚያ ምርጫ ቁጥር፣ ማለትም የአንድነት ፓርቲ ከ68 መቀመጫ 32ቱን ማግኘቱ፣ ዛሬም ድረስ በደም ጉዳይ ላይ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ አንዱ ወገን «32 ትልቁ ቁጥር ነው፣ ሕዝቡ አንድነትን መረጠ» ይላል፣ ሌላው ከ68 ላይ 32 ቀንሶ «36ቱ እምቢ ብለዋል» ይላል። ሁለቱም ቁጥሩን የሚያነቡት መራጩ ምን እንደተጠየቀ፣ ማን እንዲመርጥ እንደተፈቀደለት፣ ድምፁም በምን መንገድ ወደ መቀመጫ እንደተለወጠ ሳይጠይቁ ነው።

ቀኑን ቶሎ ላስተካክል። ምርጫው የተካሄደው መጋቢት 16 እና 17 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 25 እና 26 ቀን 1952። ጸሐፊው የአውሮፓውን ዓመት እንዳለ ወስዶ «ዓ.ም.» ጨመረበት። የስምንት ዓመት ስሕተት ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ ከስምንት ዓመት በላይ ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም. ማለት በግንቦት ወር ምክር ቤቱ «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው መጠሪያ «የኤርትራ አስተዳደር» እንዲባል የወሰነበት፣ በሐምሌ ወር ደግሞ ካይሮ ላይ የኤርትራ ነጻነት ግንባር (ጀብሃ) የተመሠረተበት ዓመት ነው። የጽሑፉን ቀን አምኖ የዚያን ዓመት ጋዜጣ የሚያገላብጥ ሰው የሚያገኘው የፌዴሬሽኑን ልደት ሳይሆን የመጨረሻ ዓመታቱን ነው። ሌላም መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ። የአውሮፓው 1952 በእኛ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል፤ ምርጫውና የሕገ መንግሥቱ መጽደቅ በ1944፣ የፌዴሬሽኑ ሥራ መጀመር ግን መስከረም 5 ቀን 1945 ነው። ስምንት መቀነስ የሚሠራው ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ነው፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው ሰባት ነው።

ዋናው ጉዳይ ወደሆነው፣ ምርጫው ሕዝበ ውሳኔ ነበር ወደሚለው ልለፍ። አልነበረም፤ ይህንንም ለማየት ከምርጫው በፊት የወጣውን ሰነድ ማንበብ ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ቁጥር 390 (ሀ)ን ያጸደቀው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው፤ 46 ድጋፍ፣ 10 ተቃውሞ፣ 4 ድምፀ ተአቅቦ። ውሳኔው በመጀመሪያው አንቀጽ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረች ራስ ገዝ አካል እንድትሆን ይደነግጋል። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭና የእርስ በርስ ንግድ፣ ወደቦችን ጨምሮ መገናኛ ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጡ፤ የቀረው ለኤርትራ። ይህ ሁሉ የተቆረጠው ድምፅ ከመሰጠቱ ከ15 ወር በላይ ቀደም ብሎ፣ ኒውዮርክ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቅደም ተከተልም ውሳኔው ራሱ አስቀምጦታል። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር ወደ ኤርትራ ይሄዳል። አስተዳዳሪዋ እንግሊዝ የኤርትራውያንን የተወካዮች ጉባኤ አስመርጣ ትጠራለች። ኮሚሽነሩ ከእንግሊዝ፣ ከኢትዮጵያ መንግሥትና ከነዋሪው ጋር ተመካክሮ የሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጃል። ጉባኤው ረቂቁን ተወያይቶ ያጸድቃል፣ ኮሚሽነሩ ይቀበለዋል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱንና ፌዴሬሽኑን የሚያቋቁመውን ሕግ (የፌዴራል አክቱን) ያጸድቃሉ፤ ይህም ከሴፕቴምበር 15 ቀን 1952 ሳያልፍ ይጠናቀቃል። ከነዚህ ደረጃዎች በአንዱም ላይ «ነጻነት ወይስ ውሕደት» የሚል ጥያቄ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። መራጩ የሚልከው ሰው የሚከራከረው በፌዴሬሽኑ ውስጥ የኤርትራ ራስ ገዝነት ምን ያህል ስፋት ይኑረው በሚለው ላይ ነው፤ ባንዲራዋ፣ ቋንቋዎቿ፣ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሥልጣን የት ይቁም በሚለው ላይ። ውጤቱም የታየው እዚያው ላይ ነው። ሐምሌ 3 ቀን 1944 የጸደቀው ባለ 99 አንቀጽ ሕገ መንግሥት ትግርኛንና ዐረብኛን የሥራ ቋንቋ አደረገ፣ ኤርትራም የራሷ ባንዲራ፣ ማኅተምና አርማ እንዲኖራት ፈቀደ።

ሕዝበ ውሳኔ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ ምልክት ከፓርቲዎቹ ስም ላይ አለ። እስከ 1943 መጀመሪያ ድረስ ነጻነትን የሚጠይቁት ማኅበራት የተሰባሰቡት «የነጻነት ቡድን» በሚል ስም ነበር። ውሳኔ 390 (ሀ) ከወጣ በኋላ ቡድኑ ፌዴሬሽኑን መቀበሉን ገልጾ ስሙን ወደ ኤርትራ ዴሞክራሲያዊ ግንባር ለወጠ። በመጋቢት 1944 ነጻነትን በስሙ የያዘ ታላቅ ተወዳዳሪ አልነበረም። ጽሑፉ ግን የግንባሩን ተመራጮች «የነጻነት ድምፅ» እያለ በአሮጌው ስም ይቆጥራቸዋል።

ታዲያ ሕዝቡ በወደፊት ዕጣው ላይ ጨርሶ አልተጠየቀም? ተጠይቋል፤ የተጠየቀው ግን በምርጫ ሳጥን ሳይሆን በመርማሪ ኮሚሽኖች ነው። በ1940 የአራቱ ኃያላን ኮሚሽን፣ በ1942 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በየአውራጃው እየዞሩ የተወከሉ ሰዎችን ሰሙ። የሁለተኛው አባላት በርማ፣ ጓቲማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ያንኑ አገር አይተው፣ ያንኑ ሰው ሰምተው፣ በሦስት ተለያዩ፤ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን፣ ኖርዌይ ሙሉ ውሕደት፣ ጓቲማላና ፓኪስታን ነጻነት አሉ። የሕዝቡ ፍላጎት ይህን ነበር ብሎ በአንድ ቁጥር መደምደም ለሚፈልግ ሰው ይህ መለያየት የማያመች ማስረጃ ነው፤ ጽሑፉም ጨርሶ አላነሣውም።

እርግጥ ነው፣ መራጩ በልቡ የያዘው ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ካለው ሊለይ ይችላል። ሐማሴን ውስጥ ለአንድነት ፓርቲ ሰው ድምፁን የሰጠ ገበሬ «ለኢትዮጵያ» እንደሰጠ ሊሰማው ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ስሜትን ከሕግ ለይቶ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ጎረቤት ሱዳን ታሳያለች። በ1946 ዓ.ም. በተካሄደው የሱዳን ምርጫ ከግብፅ ጋር አንድነትን ይሰብክ የነበረው ብሔራዊ የአንድነት ፓርቲ ከ97 የተወካዮች መቀመጫ 51ዱን አሸነፈ። ብዙ ታዛቢ «ሱዳን ወደ ግብፅ ሄደች» አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1948፣ በዚያው ፓርቲ መሪ በእስማኤል አል አዝሃሪ የሚመራው ፓርላማ ሙሉ ነጻነትን አወጀ።

«47 በመቶ የሕዝብ ድምፅ» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። 32ን ለ68 ብናካፍል 47.06 በመቶ እናገኛለን። ይህ የመቀመጫ ድርሻ ነው። የሕዝብ ድምፅ ድርሻ ብሎ መጻፍ ግን በዚያ ምርጫ ያልነበረን ነገር መፍጠር ነው፤ ለምን እንደሆነ ለማየት አመራረጡን ደረጃ በደረጃ ማየት ያስፈልጋል።

ምርጫው የተመራው እንግሊዞች በ1944 ባወጡት አዋጅ ቁጥር 121 ነው። አገሪቱ በ68 የምርጫ ክልል ተከፈለች። በአሥመራና በምጽዋ መራጩ ራሱ ሄዶ ተወካዩን በቀጥታ፣ በምስጢር ድምፅ መረጠ። በቀረው አገር ሁሉ ምርጫው ባለ ሁለት ደረጃ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ በደጋው የየመንደሩ ሰው፣ በቆላውም የየጎሣውና የየቤተ ዘመዱ ሰው በልማዱ መሠረት ተሰብስቦ ወኪል መራጮችን ይሰይማል። በሁለተኛው ደረጃ እነዚያ ወኪሎች በምርጫ ክልላቸው ጉባኤ ተገናኝተው የምክር ቤቱን አባል በምስጢር ድምፅ ይመርጣሉ። ስለዚህ «መላው ሕዝብ በምስጢር ድምፅ መረጠ» የሚለው ለሁለት ከተሞችና ለወኪሎቹ ጉባኤ ይሠራል፤ ለአብዛኛው ኤርትራዊ አይሠራም።

እንዲህ የተደረገበት ምክንያት አለ። የተሟላ የመራጭ መዝገብ አልነበረም፤ አብዛኛው ሰው ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ የምዕራብ ቆላና የጠረፍ አርብቶ አደር እንደ ወቅቱ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቦታ ሳጥን ተክሎ መጠበቅ አይቻልም። የእንግሊዝ አስተዳደር የፈጠረው ለኤርትራ ብቻ የተለየ ዘዴም አይደለም። በ1943 በጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ በተደረገው ምርጫ በሕዝብ ከሚመረጡት 38 መቀመጫዎች በቀጥታ የተመረጡት የከተማዎቹ 5 ብቻ ነበሩ፤ 33ቱ የገጠር መቀመጫዎች በወኪል መራጮች ጉባኤ ተሞሉ። የኩዋሜ ንክሩማህ ፓርቲ በዚያው ዘዴ 34 መቀመጫ ወሰደ።

ዘዴው ምክንያት አለው ማለት ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ የሚበላሽበት ቦታ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በሰው ፊት፣ በአደባባይ ነው። በደጋው ባይቶ (የመንደር ጉባኤ) ሽማግሌው ከተናገረ በኋላ ተነሥቶ «እኔ ሌላ እፈልጋለሁ» የሚል ጎረምሳ ዋጋ ይከፍላል፤ መንደሩ 70 ለ30 ቢከፈል እንኳ 30ው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ የሚመርጡት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዱን በስሙ አውቆ ቤቱ ድረስ ሄዶ ማግባባት፣ ማስፈራራትም ይቻላል። በቆላው ሌላ ነገር ይጨመራል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የትግረ ገባሮች ከሹማግሌ ጌቶቻቸው ነጻ ለመውጣት ባደረጉት ትግል ምክንያት እንግሊዞች ጎሣዎቹን እንደገና አዋቅረው አዳዲስ አለቆች ሾመው ነበር። ስለዚህ «የጎሣው ምርጫ» ሲባል ማን ጎሣ ተብሎ እንደተቆጠረ፣ አለቃውም ማን እንደሆነ ራሱ ትናንት የተወሰነ ነገር ነው።

የቁጥሩን ነገር በምሳሌ ላሳይ። ምሳሌው የእኔ ነው እንጂ የዚያ ምርጫ ውጤት አይደለም። እያንዳንዳቸው 60 ወኪል መራጮች ያሏቸው ሦስት ክልሎች አሉ እንበል። አንድ ፓርቲ በሁለቱ 31 ለ29 ያሸንፋል፣ በሦስተኛው 5 ለ55 ይሸነፋል። ከሦስት መቀመጫ ሁለቱን፣ ማለትም 67 በመቶውን ይወስዳል። ያገኘው ድምፅ ግን ከ180ው 67 ብቻ ነው፤ 37 በመቶ። ይህም የወኪሎቹ ድምፅ ነው፤ ከወኪሎቹ በስተጀርባ ያለው የመንደርተኛ ድምፅ ጨርሶ አልተቆጠረም። በዚህ ላይ በገጠር ወኪሉ የሚመርጠው በአብዛኛው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ ዘመዱን፣ የአውራጃውን ታዋቂ፣ የተከበረውን ሼኽ ወይም ባላባት። የፓርቲው ስም የሚለጠፈው በተመራጩ ወገንተኝነት ነው። ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «ሕዝቡ 47 በመቶ» የሚል ዐረፍተ ነገር ማውጣት አይቻልም።

ደግሞም «ሕዝቡ» የተባለው ግማሹ ነው። የመምረጥ መብት የነበራቸው 21 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ናቸው። ሴቶች አልመረጡም፣ አልተመረጡምም። ጽሑፉ «መላው የኤርትራ ሕዝብ» ሲል ይህችን ነገር ያለፋት ሳያውቅ ከሆነ ይታረም። ለንጽጽር ያህል፣ በኢትዮጵያ በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረገው የመጀመሪያው ቀጥተኛ የተወካዮች ምርጫ ሴቶችም መርጠዋል፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው ፓርላማ ገብተዋል፤ ፓርቲ ግን አልተፈቀደም ነበር። ኤርትራ ፓርቲ ነበራት፣ ሴት መራጭ አልነበራትም፤ ኢትዮጵያ ሴት መራጭ ኖራት፣ ፓርቲ አልነበራትም። በአንድ ዘውድ ሥር የዋሉ ሁለት አገሮች ምርጫን በምን ያህል የተለያየ ዓይን ያዩ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚገልጽ የለም።

አሁን ወደ ፓርቲዎቹ ውጤት። ጽሑፉ ያቀረበው ሰንጠረዥ «አንድነት 32፣ ነጻነት 36» የሚል ሁለት መስመር ብቻ ነው። ትክክለኛው አራት መስመር አለው። የአንድነት ፓርቲ 32፣ የኤርትራ ዴሞክራሲያዊ ግንባር 18፣ የምዕራብ አውራጃ የሙስሊም ሊግ 15፣ ትንንሽ ቡድኖችና የግል ተወዳዳሪዎች 3። ድምሩ 68። ሦስተኛውን መስመር ከሁለተኛው ጋር መደመር የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የምዕራብ አውራጃ የሙስሊም ሊግ በኅዳርና ታኅሣሥ 1939 አካባቢ ከረን ላይ ከተመሠረተው ከኢብራሂም ሱልጣን የሙስሊም ሊግ ተገንጥሎ የወጣ ነው። የተለየበትም ምክንያት የምዕራብ ቆላው ዕጣ ከደጋው ዕጣ ለብቻው እንዲታይ መፈለጉ ነው፤ ከነጻነት ቡድኑ ጋር አልቆመም። መሪው ሼኽ ዓሊ መሐመድ ሙሳ ራዳይ ነበሩ። እነዚህን 15 ሰዎች የግንባሩ አጋር አድርጎ መቁጠር ከግንባሩ ተለይተው የወጡበትን ምክንያት መሰረዝ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ68 አብላጫ ለመሆን 35 ያስፈልጋል። የአንድነት ፓርቲ 32 ይዞ ሦስት ጎደለው፤ ስለዚህ «አብላጫውን ያዘ» የሚለው የጽሑፉ ቃል ልክ አይደለም፣ ትልቁ ፓርቲ ሆነ እንጂ። ግንባሩና የምዕራብ ሊጉ ቢደመሩ 33 ነው፤ እነሱም ብቻቸውን አይበቁም፣ ሦስቱን ልዩ ልዩዎች በሙሉ ቢጨምሩ 36 ይሆናሉ። የአንድነት ፓርቲና የምዕራብ ሊጉ ግን 47 ናቸው፤ ከሁለት ሦስተኛው፣ ከ46ም ያልፋል። ሚዛኑን የያዘው ባለ 15ቱ ፓርቲ ነበር። ጉባኤው ሚያዝያ 20 ቀን 1944 ተከፍቶ ሥራ ሲጀምርም ሚዛኑ ወደየት እንዳጋደለ ታየ፤ የአንድነት ፓርቲው ተድላ ባይሩ ፕሬዚዳንት፣ ዓሊ ራዳይ ምክትል ሆኑ። ፌዴሬሽኑ ሲጀምርም ተድላ የኤርትራ መንግሥት ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ዓሊ ራዳይ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ጥምረት ነው፤ በጽሑፉ ባለ ሁለት መስመር ሰንጠረዥ ላይ ግን ሊታይ አይችልም።

ከዚሁ ጋር የሃይማኖቱ ነጥብ አብሮ ይወድቃል። ከ68ቱ ተመራጮች 34ቱ ክርስቲያን፣ 34ቱ ሙስሊም ነበሩ። ክርስቲያን ሁሉ ለአንድነት ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ሙስሊም ሁሉ ለነጻነት፣ ሰንጠረዡ 34 ለ34 ይሆን ነበር። አልሆነም። በግንባሩ ውስጥ የራስ ተሰማ አስበሮም ደጋ ሰዎች ነበሩ፣ የነጻነት ጠበቃው ወልደአብ ወልደማርያምም ነበሩ፤ ሁለቱም ክርስቲያኖች። በሌላው በኩል የምዕራብ ሊጉ ሙስሊሞች ከአንድነት ፓርቲ ጋር መሥራትን መረጡ። ሃይማኖት ክብደት አልነበረውም አልልም፤ ነበረው። በግማሽ ተከፍሎ በአንድ መስመር የሚያልቅ ግን አልነበረም።

እንግሊዞች ሁሉንም ራሳቸው አሰናዱት የሚለው ከፊሉ ልክ፣ ከፊሉ ስሕተት ነው። ምርጫውን ያዘጋጀውና ያስፈጸመው በሰር ደንከን ከሚንግ የሚመራው የእንግሊዝ አስተዳደር ነው፤ ይህ ልክ ነው። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ግን የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር፣ ቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማትየንሶ ናቸው። እሳቸውም ረቂቁን ለማዘጋጀት በየአካባቢው ዞረው ሰው አነጋግረዋል፣ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋርም በዘውዱ እንደራሴ ሥልጣን ጉዳይ ላይ ተከራክረዋል። ጽሑፉ እንግሊዝ የፈለገችው ሆነ ይላል፤ እንግሊዝ ስትደግፍ የቆየችው ግን ኤርትራን ለሁለት ከፍሎ ምዕራቡን ለሱዳን፣ የቀረውን ለኢትዮጵያ መስጠትን ነበር። ያ ዕቅድ፣ ከእንግሊዙና ከጣሊያኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ከቤቪንና ከስፎርዛ ስምምነት ጋር፣ በ1941 ግንቦት በጠቅላላ ጉባኤው ወድቋል።

ጽሑፉ እንግሊዝ ላይ ሲያተኩር ሌሎቹን እጆች ረሳቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ1938 ጀምሮ አሥመራ ላይ የግንኙነት መኮንን፣ ኮሎኔል ነጋ ኃይለ ሥላሴን፣ አስቀምጦ ለአንድነት ፓርቲ ድጋፍ ያደርግ ነበር። የኤርትራ ጳጳስ አቡነ ማርቆስ አንድነትን በግልጽ ደግፈዋል፤ የደጋ ክርስቲያን መራጭ የቤተ ክርስቲያኑን ቃል እንደ ተራ የፓርቲ ንግግር አይሰማም። ከ1941 እስከ 1943 ሽፍቶች የነጻነት ደጋፊዎችን ያጠቁ ነበር፣ በወልደአብ ወልደማርያም ሕይወት ላይ ደጋግሞ ሙከራ ተደርጓል። እንግሊዞች በ1943 ምሕረት አውጀው ሽፍታው ሲገባ ጸጥታው ተሻሻለ፤ ምርጫው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በድምፅ ቀን ሰላም መሆኑ ግን ከሦስት ዓመት ፍርሃት በኋላ የመጣ ሰላም መሆኑን አያስረሳም። ስለ ምርጫው ፍትሐዊነት የሚጽፍ ሰው ማን ሳጥኑን እንዳዘጋጀ ብቻ ሳይሆን ከምርጫው በፊት ማን በነጻ ተንቀሳቅሶ መስበክ እንደቻለ መጠየቅ አለበት።

ቀሪው፣ ያው ምክር ቤት ፌዴሬሽኑን አፈረሰ የሚለው ነው። በመጋቢት 1944 የተመረጠው ጉባኤ ሕገ መንግሥቱን አጽድቆ እንደ መጀመሪያው የኤርትራ ምክር ቤት ለአራት ዓመት ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 እና በ1960፣ አዲስ ምርጫ ተደርጓል። ፌዴሬሽኑ ያከተመበት ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. የተሰበሰበው ሦስተኛው ምክር ቤት ነው፤ መግለጫውንም ያነበቡት በ1947 በተድላ ባይሩ ምትክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት አስፍሃ ወልደ ሚካኤል ናቸው። የ1944ቱ ተመራጮች የሠሩት ባለ 99 አንቀጹን ሕገ መንግሥት ነው፤ በኅዳር 1955 የሆነውን በእነሱ ስም መጻፍ በሌሉበት መፍረድ ነው።

ሰዎቹም ቢሆኑ መጋቢት 1944 ላይ በተሰጣቸው የፓርቲ ስም ላይ ቆመው አልቀሩም። በ1947 ዓሊ ራዳይን ተክተው የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኢድሪስ መሐመድ አደም በ1952 ካይሮ ላይ ጀብሃን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ጽሑፉ የ32ቱ ፊታውራሪ አድርጎ ያቀረባቸው ተድላ ባይሩ ደግሞ ሥልጣናቸውን ለቀው በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ከሆኑ በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967፣ እዚያው በውጭ እንዳሉ ወደ ጀብሃ ተቀላቀሉ።